ጣቴን ያጋለጠብኝ የጋሽ ሙላት አምፕ

"አምፑ ምንም አልሆነም፤ የቀለበት ጣትህ እየዘገየች ነው" አሉኝ ጋሽ ሙላት ዛሬ ከሰዓት። ከዚያ ወዲህ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል።

ጋሽ ሙላት ኢቶቢኮ ሰፈር ባለው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ የጊታር አምፕ፣ ማለትም ድምፅ ማጉያ፣ በእጃቸው የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። አምፓቸው እንደ ድሮ ሬዲዮ በመስታወት ቲዩብ የሚሠራ ነው።

ቅዳሜ የጓደኛዬ ሰርግ ላይ እጫወታለሁ። "የኔ አምፕ ድምፁን አበላሸብኝ፣ የእርስዎን ልሞክር" ብዬ ኮል አድርጌላቸው ነው የሄድኩት።

ቲዩቡ እስኪሞቅ አስጠበቁኝ። (መጠበቅ ስለማልችል ጊታሬን ሦስቴ ቃኘሁት።)

ከዚያ በባቲ ቅኝት መጫወት ጀመርኩ። ክሩን ቀስ ብዬ ስነካው አምፑ ያንሾካሹካል፣ ጠንከር ሳደርግ ይቆጣል። ስህተቴን ግን አንዷንም አልደበቀልኝም።

በምሠራበት ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ይህቺው ጣቴ ሣጥን ሥር ገብታ ከተጎዳች ወራት አልፈዋል። ድናለች እያልኩ ለሰው ሁሉ፣ ለራሴም ጭምር ስዋሽ ነበር። ዛሬ ለእሳቸው እውነቱን ነገርኳቸው።

"ታዲያ በቀሩት ጣቶችህ ተጫወታ" አሉኝ።

ሞከርኩ። ዜማው ቀጠነ እንጂ አልጠፋም።

ይህን የምጽፈው ክሬሰንት ታውን ሰፈር ባለው ቤቴ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነው። ሙሽራው፣ ካነበብከው፣ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ሶሎው ግን አጠር ይላል።

እናንተስ ዕቃው ተበላሸ ብላችሁ ስታማርሩ፣ ችግሩ እናንተው ጋ ተገኝቶ ያውቃል? እስቲ ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልፈር።