የእኅቴን ለምጽ በመብራት ለማሳከም መተማ ድረስ

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ታናሽ እኅቴን ጥሩወርቅን ይዤ ከጭልጋ ተነሣሁ። በግንባሯና በአፏ ዙሪያ ለምጽ ወጥቶባት ነበር። የእጮኛዋ የመኰንን አባት፣ አቶ ተሰማ፣ «ሥጋ ደዌ ቢሆንስ? ፊቷ ካልጠራ ሠርግ የለም» ብለው ቀጠሮውን አፈረሱት። መተማ ላይ ግን ቆዳን በመብራት የሚያክም ሐኪም መጥቷል ሲባል ሰማን።

ቁልቁለቱ

ጨው በጫነ ካሚዮን ተሳፈርን። ደጋው ከኋላችን ሲቀር ነፋሱ ፊት ይለበልብ ጀመር። የሽመሉን፣ የቆላውን ቀርከሃ ጫካ አልፈን ኮኪት ስንደርስ የታጨደው ሰሊጥ በየማሳው ቆሞ ይደርቃል። ጥሩወርቅ በዚያ ሐሩር ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር።

«ተገለጪ እንጂ፣ እታለም። እዚህ ማን ያውቅሻል?» አልኋት።

«እኔ አውቀው የለ?» አለችኝ።

መተማ

ያረፍነው የአባታችን የንግድ ወዳጅ ከሆኑት ከሐጅ ኑር ቤት ነው። ባለቤታቸው ከማሽላ የተጋገረ ስስ ኪስራ በባሚያ ወጥ አቀረቡልን። በማግስቱ ሐጅ ኑር ራሳቸው ሐኪም ቤት አደረሱን።

ሐኪሙ ሸምገል ያለ ጣሊያናዊ ነው። ለምጹን በመርፌ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ጥሩወርቅ ደንገጥ ብላ ራሷን አሸሸች። ፈገግ አለና በአስተርጓሚው በኩል፣ «ከተሰማት ሥጋ ደዌ አይደለም። ወደ ሰውም አይተላለፍም። መብራቱ ቀለሙን ሊመልሰው ይችላል፤ ላይመልሰውም ይችላል» አላት። እኅቴ ቃሉን አስደገመችው።

ከዚያ ጥቁር መነጽር አድርጋ ከመብራቱ ፊት ተቀመጠች። ውጭ የመብራቱ ሞተር ሲነሣ ክፍሉ በሰማያዊ ብርሃን ተሞላ፤ መብረቅ የወደቀበት ስፍራ የሚሸተውን ሸተተ። መጀመሪያ ፊቷ ቀላ፣ ቀጥሎም ተላጠ። እየተመላለስን ሳምንታት ካለፉ በኋላ በግንባሯ ለምጽ ውስጥ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ጠይም ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። የአፏ ዙሪያ ግን እንደነበረ ነው። ሐኪሙ ገና ወራት ይፈልጋል አለ።

«ይበቃኛል፤ አገሬ እንግባ» አለች ጥሩወርቅ።

«ሠርጉስ?»

«ወንድምዓለም፣ እኔን ያስጨነቀኝ በሽተኛ ነኝ ወይ የሚለው ነበር። አይደለሁም።»

ጭልጋ

ዳገቱን ስንወጣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። መመለሳችንን ሰምተው አቶ ተሰማና መኰንን መጡ። ጥሩወርቅ ፊቷን ሳትሸፍን ጠላ ቀዳች፤ ሐኪሙ ያላትንም ነገረቻቸው። እንደ ደንቡ ፉት ብላ ቀምሳ ዋንጫውን ለአቶ ተሰማ ሰጠቻቸው። እሳቸው ተቀበሉና ሳይጠጡ መሬት ላይ አኖሩት።

እኔ ከዚያ ጉዞ የተማርኩት፣ ሰው የሚፈራውን ነገር በስሙ ማወቁ ግማሽ መዳን እንደሆነ ነው። ሌላው ግማሽ ግን በሐኪም እጅ አልነበረም።

መኰንን ጎንበስ ብሎ የአባቱን ዋንጫ አነሣ፤ እኅቴ ከጠጣችበት በኩል አድርጎ እስከ አተላው ጨለጠው።

«ድገሚኝ» አላት።

አቶ ተሰማ ልጃቸውን ብዙ ቆይተው አዩት። በመጨረሻም ወደ እኔ ዞሩና፣ «ለጥር ትደርሳላችሁ?» አሉኝ።