ሳይገባው ያለፈው መስመር

ነቀምት ውስጥ ፌኔትን የሚያውቃት ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያውቋትም «የላቧ ልጅ» ይሏታል፤ ላብ የሚሉት የኮምፒውተር ክፍሉን ነው። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ የያዘች፣ የተበጠሰ ኬብል የምትቀጥል፣ ተማሪ «ተበላሸብኝ» ባለ ቁጥር ሄዳ ሶኬቱን የምትሰካ ናት። ስድስት ዓመት ስትሠራ ስሟ አንድም ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አልወጣም፤ እሷም አልናፈቃትም።

ያን ሰሞን ኢንተርኔት ከጠፋ አራተኛ ወሩን ይዟል። ስልክ ይደወላል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። የኮሌጁ አሥራ አንድ የኮምፒውተር ተመራቂዎች ደግሞ የጻፉትን ፕሮግራም በፈታኞች ፊት አስነስተው ማሳየት አለባቸው። ፕሮግራም ብቻውን አይነሳም፤ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ባዘጋጁት ኮድ፣ ላይብረሪ በሚሉት፣ ተደግፎ ነው። የትኛው ላይብረሪ፣ ስንተኛው እትም እንደሚያስፈልግ በአንድ ፋይል ይዘረዘራል፤ ማሽኑ ያንን እያነበበ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኢንተርኔት ከሌለ ዝርዝሩ ምኞት ብቻ ነው።

ፌኔት መላ ዘየደች። የአሥራ አንዱንም ፋይል አንብቦ የላይብረሪዎቹን ስምና ቁጥር የሚለቅም ትንሽ ኮድ ጻፈች። የተለቀመውን ዝርዝር በፍላሽ አድርጋ ለአውቶቡስ ሾፌሩ ለሌንጮ ሰጠችው፤ አዲስ አበባ ያለችው ጓደኛዋ ማሂ ሁሉንም አውርዳ በዚያው ፍላሽ መለሰችላት። ደርሶ እስኪመለስ ስምንት ቀን ፈጀ።

የአሥሩ ፕሮግራም ተነሳ። የድርቤ እምቢ አለ።

ድርቤ ነቀምት አጠገብ ያለችው የኡኬ ከተማ ሴት ናት፤ አርባን የተሻገረች፣ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ። መሥሪያ ቤቷ ለትምህርት የፈቀደላት ጊዜ የሚያልቀው በዚሁ ሰኔ ነው፤ ዘንድሮ ካልተመረቀች ዲግሪ የሚባለው ነገር አበቃ። ፕሮግራሟ የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ የሚይዝ ነበር፤ እናቶች ካርድ ጥለው ሲመጡ እያየች ያሰበችው።

ፌኔት የድርቤን ፋይል ከፍታ መስመር በመስመር አየችው። ሌሎቹ የላይብረሪውን ስምና ቁጥር እዚያው ጽፈውታል። ድርቤ ግን ሌላ ቦታ አስቀምጣ፣ እዚህ በአጭር መጠሪያ ብቻ ጠርታዋለች። የፌኔት ኮድ እንዲህ ያለ መስመር አያውቅም። የማያውቀው ሲገጥመው ምን ማድረግ እንዳለበት የጻፈችለትም ራሷ ናት፤ ዝም ብለህ እለፍ ነው ያለችው፣ እየቆመ እንዳያስቸግራት። እሱም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አለፈ።

የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። እንዲህ እንድትጽፍ ድርቤን ያስተማረቻት ፌኔት ናት። አንዱን ቁጥር አሥር ቦታ አትድገሙት፣ አንድ ቦታ አስቀምጡና እየጠራችሁ ተጠቀሙበት ብላ ስትለፈልፍ ከአሥራ አንዱ የሰማቻት ድርቤ ብቻ ነበረች። በክፍሉ ፊትም አመስግናታለች። እንግዲህ ጎበዟን ጉድ አድርጋ ሰነፎቹን አሻገረች፤ ምን ይባላል!

ማሂ ጋ ደወለች። ማሂ የጎደለውን ላይብረሪ ወዲያው አወረደችው፤ ግን ፋይል በስልክ አይነገርም። ሌንጮ ጋ ደወለች።

«መንገዱ ተዘግቷል፣ አንቺ ፌኔት። መቼ እንደሚከፈት እኔም አላውቅ» አላት።

ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው። ከሌሎቹ እንዳትወስድ፣ ያን ላይብረሪ የተጠቀመ ሌላ ተማሪ የለም። ቀኑ እንዲገፋ ልትለምን የክፍል ኃላፊው ኦቦ ጉደታ ቢሮ ገባች። «ቀኑ የእኔ ቢሆን እሰጥሽ ነበር» አሏት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ቢያንስ የምትቆጣበት ሰው ታገኝ ነበር።

ለድርቤ መንገር ቀረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አዴ ድርቤ። ያንቺን መስመር ዘሎታል።»

ድርቤ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም።»

«ማሎ፣ እባክሽ፣ የሆነ ነገር በዪኝ እንጂ» አለች ድርቤ።

ፌኔት አለቀሰች። ድርቤ ጀርባዋን እያሻሸች አባበለቻት፤ ተበዳይዋ በዳይዋን። ፌኔት በሕይወቷ እንደዚያ ያፈረችበት ቀን ትዝ አይላትም።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ድርቤ ተራዋ ደርሶ ፕሮግራሙን ስታስነሳ ቀይ ጽሑፍ ስክሪኑን ሞላው። መሃል የተቀመጠው ፈታኝ ሞረዳ ፋይሉን አስከፍቶ አነበበ። «ይሄ እኮ በሥርዓት የተጻፈ ነው። ለምንድነው የማይነሳው?» አለ።

ፌኔት ከኋላ ተነስታ ሁሉንም ተናገረች፤ የፍላሹን፣ የመንገዱን፣ የራሷን ኮድ፣ ዝም ብለህ እለፍ ያለችውን ጭምር። ስትጨርስ ሞረዳ የውጤት ቅጹን አገላበጠው። ያሉት ሁለት ሳጥኖች ናቸው፣ «ሠርቷል» እና «አልሠራም»። ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አልተተወም።

«አምንሻለሁ» አላት። ከዚያ «አልሠራም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

ድርቤ ሦስቱንም አመስግና ወጣች። ፌኔት ተከትላት በሩ ላይ ደረሰችባት።

«ሰኞ ሥራ እገባለሁ» አለች ድርቤ። «ብዙ አትዘኚ። እዚያ ካርዱን በእጅ ነው የምንጽፈው፤ ለመድኩት እኮ።»