ወልውዬ ያጠፋሁት የጀልባ ሞተር

ልጄ ከጣና ዳር አንድ አሮጌ የጀልባ ሞተር በአውቶቡስ ጣሪያ አስጭና ላሊበላ የገባች ዕለት፣ ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። ሞተሩ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞት ሲመጣ ሕመምተኛ ነበር የሚመስለው። አንዲት ጎረቤቴ «ማንን ነው ያመመው?» ብላ ደነገጠች። ውሃ የሚቀዝፈው የብረት ክንፉ ከጋቢው ሥር ብቅ ሲል ግን ድንጋጤዋ ለቀቃት። «ጀልባው ደግሞ በሚቀጥለው መኪና ይመጣል?» አለች። ቀልዱ በዚያ ተጀመረ፤ ሦስት ቀን አልቆመም።

እውነቷን ነው። እኛ አገር ውሃ አይቀመጥም። ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር ጀምሮ ቁልቁል ሮጦ ይሄዳል፤ የቀረችውን በጀሪካን እንሸከማታለን። እኔ በዕድሜዬ ከበርሜል የሚበልጥ የቆመ ውሃ አይቼ አላውቅም። ልጄ ግን የሞተር ጥገና ተምራ ሥራ ያገኘችው ሐይቅ ዳር ሆነ፤ ሰዎችን ወደ ደሴት ገዳማት ከሚያመላልስ ባለጀልባ ዘንድ። እስካሁን ሥራዋ ገመድ መያዝና ጀልባ ማጠብ ነበር። ይህ ሞተር ማስቸገር ሲጀምር ባለጀልባው፣ «ለእሑድ ካደረስሽልኝ ጠጋኟም ነጂዋም አንቺ ነሽ። ካላደረስሽልኝ ሌላ ሰው አለኝ» አላት። መንገዱ ተከፍቶ የነበረበት ሰሞን ስለነበር፣ አጎቴ ዘንድ መፍቻ አይጠፋም ብላ ይዛው መጣች። ሮብ ገባች፤ ቅዳሜ ማለዳ መሳፈር አለባት።

እኔ ከነገሩ ሁሉ የሰማሁት «ነጂ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ልጄ ዋና አትችልም። ሕፃን ሆና ሳጥባት እንኳ ሳፋው ውስጥ የማደርገው ውሃ ከቁርጭምጭሚቷ አያልፍም ነበር። ትታነቃለች ብዬ እፈራለኋ!

አጎቷ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ እዚሁ አቅራቢያችን ብልባላ የእህል ወፍጮ ጠጋኝ ነው። ሐሙስ ጠዋት መፍቻውን በማዳበሪያ ቋጥሮ መጣ፤ ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየውና፣

«ካንዴላ አለው?» አለ።

«ሁለት አለው፣ አጎቴ።»

«አይ! የእኔ ሞተር ናፍጣውን ይጠጣል፣ ሥራውን ይሠራል። እንደ ሰነፍ ሴት ከጎረቤት እሳት አይለምንም።»

«አንተስ ክብሪት ከኔ ቤት አይደል የምትወስደው?» አልኩት።

ልጄ ስቃ ሥራዋን ቀጠለች። ሞተሩ ሲሄድ የሚያስለው ቤንዚኑን የሚለኩሰው አንደኛው ካንዴላ እሳቱን አንዴ እየሰጠ አንዴ እየነፈገ ስለሆነ ነው አለች። ወደ ካንዴላው የሚሄደው ሽቦ ልባሱ ተሰንጥቆ አገኘችው፤ ቀየረችው። ከዚያ ሞተሩ ውሃ ውስጥ ካልቆመ ይግላል ብላ በርሜሌ ላይ አሰረችው። ያ ውሃ ለማኅበር ጠላ ብዬ ሳምንት ሙሉ ያጠራቀምኩት ነበር። የማስነሻ ገመዱን ስትስብ ሞተሩ በአንዴ ተነሣ፤ ውሃው እስከ ጣሪያ ተረጨ፤ ዶሮዎቼ አጥር ዘለው ጎረቤት ገቡ። ልጄ ዘላ አቀፈችኝ። እኔም «እሰይ!» አልኩ፤ ሆዴ ግን እሰይ አላለም።

ከሰዓት በኋላ እነሱ ወደ ገበያ ወጡ። እኔ ሞተሩን አየሁት። ከቤቴ የሚወጣ ዕቃ እንዲህ ቆሽሾ ሰው ፊት ይቅረብ? ደረቅ ጨርቅ ይዤ ወለወልኩት። እያንዳንዷን ስርጉድ በስንጥር ፈለፈልኩ። ፊቱ ላይ የኮት ቁልፍ የምታክል፣ በጣት የምትጫን ቀይ መጫኛ አለች፤ ከሥሯ የጠቆረች ቢጫ ፕላስቲክ ተሰክታለች፤ ከዘይት ጀሪካን የተቆረጠች ትመስላለች። መንግዬ አወጣኋትና ከቆሻሻው ጋር ጠረግኋት። ሞተሩ እንደ ሙሽራ አበራ።

ዓርብ ጠዋት ልጄ ገመዱን ሳበች። ዝም። ደግማ ሳበች። ዝም። ካንዴላውን ፈታች፤ ከሽቦው ጋር አገናኝታ ብረቱ ላይ አስደገፈችው። እኔ እሳቱ እንዲታይ ነጠላዬን ዘርግቼ አጠላሁ፤ ወንድሜ ገመዱን ሳበ። ምንም ብልጭታ የለም። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ካንዴላዎቹን አጽድታ አቀያየረች፤ ሽቦዎቹን ፈትታ አሰረች።

«እማዬ፣ ውሃ አፍስሰሽበታል?»

«በማርያም! በደረቅ ጨርቅ ነው የወለወልኩት።»

የዋሸሁት ነገር አልነበረም። ፕላስቲኳን ከቆሻሻ ቆጥሬያት ስለነበር ትዝም አላለችኝ።

የንስሐ አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ በደጃችን ጎራ አሉ።

«ደኅና ናችሁ? መርከቡ አልተነሣም?»

«እሳት ጠፋ፣ አባ። ይጸልዩልን።»

ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዲነሣ ነው፣ እንዳይነሣ?»

መስቀሉን ተሳለምኩ። ሳቅ እያሉ ሄዱ።

እኩለ ቀን ላይ ቆሻሻውን ልደፋ ስሄድ፣ ያቺ ቢጫ ፕላስቲክ ከአመዱ መካከል ታየችኝ። አነሣኋት። አራተኛ ክፍል ድረስ ብቻ ብማርም ትናንት የነበረውንና ዛሬ የሌለውን ለይቼ አውቃለሁ። ሐሙስ ይህቺ ነገር ነበረች፣ ሞተሩም ነበር። ዓርብ ይህቺ የለችም፣ ሞተሩም የለም። ገብቶኛል። ልናገር ስል ግን እግሬ ቆመ። ቅዳሜ ካለፈች እሑድም ያልፋል። እሑድ ካለፈ ልጄ ከውሃ ላይ ወርዳ እዚሁ አጠገቤ ናት። ፕላስቲኳን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳትና ምሳ አቀረብኩ።

ወንድሜ ሽሮውን እየበላ ይቀልዳል። «ክንፉን ፈትተን የወፍጮ ድንጋይ እንግጠምለት፤ ቢያንስ ጤፍ ይፈጭልሽ።» ልጄ አልሳቀችም። አንድ ጉርሻ እንኳ አልዋጠችም።

«ሁለቱም ካንዴላ ባንድ ቀን አይሞትም» አለች ለራሷ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ትናንት ሽቦውን ስቀይር የሆነ ነገር አበላሽቻለሁ። ሙያ የለኝም እኮ፣ እማዬ። ሰውየው ገመድ ያዢ ያለኝ እውነቱን ነው።»

ይህን ግን መስማት አቃተኝ። ሐይቁን መፍራቴ ሌላ፣ ያልሠራችውን ጥፋት ስትሸከም ማየት ሌላ። ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁ።

«ይህቺ ከቀይዋ ሥር ነበረች። ስወለውል ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

ፕላስቲኳን አየች፤ እኔን አየች። ተስፈንጥራ ተነሥታ ሄደችና ከቀይዋ መጫኛ ሥር ሰካቻት። ወንድሜ ደግሞ «እስቲ እኔ ልያዘው» ብሎ የተፈታውን ካንዴላ በባዶ እጁ ያዘ። ልጄ የማስነሻ ገመዱን ሳበችው። ወንድሜ እንደ ፍየል ጮኾ ካንዴላውን ወረወረ፤ በእንጀራ የተጠቀለለችው ጉርሻውም ከአፉ አብራ ወጣች።

«መጣ! እሳቱ መጣ!» ልጄ እያለቀሰች ትስቃለች።

«እኔ ክንድ ውስጥ ነዋ የመጣው!»

ሳቁ ሲበርድ ጠየቅኳት። «ይህቺ ቆሻሻ ምን ትሠራለች?»

መናገር አልፈለገችም። አጥብቄ ያዝኳት። ለካ ቀይዋ መጫኛ ወደ ውስጥ ከገባች እሳቱ ይቋረጣል። ከሥሯ መሰካት ያለባት የገመድ መያዣ ናት፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ ነጂው እጅ ላይ ይታሰራል። ነጂው ውሃ ውስጥ ከወደቀ መያዣዋ ትነቀላለች፣ ሞተሩም ቀጥ ይላል፤ ጀልባው ጥሎት አይሄድም፣ ክንፉም ዞሮ አይቆርጠውም።

«ታዲያ ገመዱ የት አለ?»

«ከመፍቻዎቹ ጋር። ይጎትታል፣ እማዬ፤ ያስቸግራል። እዚያ ያለው ነጂ ሁሉ በመያዣዋ ፈንታ ፕላስቲክ ነው የሚሰካው።»

ጥፋተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ወዲያው ቦታ ተቀያየርን። ሄጄ ፕላስቲኳን እንደገና ነቀልኳትና ምድጃ ውስጥ ከተትኳት።

«እማዬ! አሁን በምን ላስነሣው?»

«በገመዱ።»

ከማዳበሪያው ግርጌ አወጣችው። ቀይ ነው፤ እንደ ድሮ ስልክ ሽቦ የተጠማዘዘ። የዚህን ሞተር ሠሪ አላውቀውም፤ እናቱ ግን እንደኔ ያለች ፈሪ ሳትሆን አትቀርም። ራሴ እጇ ላይ አሰርኩላት። ካንዴላዎቹን መልሳ ገጠመች፣ ሳበች፤ ሞተሩ ተነሣ።

«አሁን ውደቂ» አልኳት።

«የት?»

«በርጩማው ላይ ተቀመጪና ወዲያ።»

ወደቀች። ሞተሩ ቀጥ አለ። «ድገሚው።» ደገመችው። በአራተኛው ወንድሜ ገባ አለና፣ «እታለም፣ ልጅቷን ሐይቅ ሳታይ በደረቅ መሬት ልትጨርሻት ነው» አለኝ። በአምስተኛው አቆምኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ሞተሩ በጋቢው ተጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ወጣ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ! እየነዳሁ ነው!» ከኋላዋ ሞተሩ ያጓራል፣ ሰዎች ይዘምራሉ።

«አስረሻል?»

«አስሬያለሁ።»

«ሌላ ፕላስቲክ ቆርጠሽ ብትሆንስ? ገመዱን ንቀይውና ልስማ።»

«ሐይቁ መካከል? ሰው ጭኜ?»

«ንቀይው።»

ሞተሩ ቀጥ አለ። ዝማሬውም አብሮ ቆመ። ውሃው ጀልባውን ቀስ እያለ ሲመታው ተሰማኝ፤ ሐይቅ ይህን የመሰለ ለስላሳ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። አንዲት አሮጊት «ምን ሆነን ነው?» ሲሉ፣ ልጄ «እናቴ ናት» ስትል ሰማሁ። ተሳሳቁ፤ ሞተሩም ተነሣ።

ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። ገመዱን ሳታስር እንዲያው ቀይዋን መጫኛ በጣቷ ተጭናት ሊሆን እንደሚችል ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው።