ጃንዲራ ሳትጠራ

በዓሣ አጥማጆች መንደራችን በላጉና፣ ሽማግሌውን ዜፈሪኖን የሚያናድደው ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን የእሁድ ጎብኚ ነው። እኔ በወሽመጡ አፍ፣ ወገቤ ድረስ ውኃ ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኑ ቆሜ መረብ ወርውሬያለሁ፤ ቁጣውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

አንድ እሁድ ሮዛኔ የምትባለው አስጎብኚ ድምፅ ማጉያዋን አፏ ላይ ደቅና መጣች።

“አባባ! እንግዶቹ ፎቶ ሊያነሡ ነው፤ እስቲ አንዴ ይወርውሩልን!”

“ጃንዲራ ሳትጠራኝ?”

“ለፎቶ እኮ ነው!”

“ለፎቶ ከሆነ አንቺው ግቢና ወርውሪ! ያንንም ጩኸትሽን ዝጊው፣ ዓሣው ሁሉ ኡሩጓይ ሊገባልሽ ነው።”

ውኃው ውስጥ የተሰለፍነው አጥማጆች ሁሉ ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ጃንዲራ ክንፏ የተሸረፈች ዶልፊን ናት። ዓሣውን ወደ እኛ ትነዳና ጭንቅላቷን ውኃው ላይ ትመታለች፤ ያኔ እንወረውራለን፤ ከመረባችን ያመለጠው የእሷ ነው። ሳትጠራው የወረወረ ሰው ዓሣውን ስለሚበትንባት፣ ተቀጥቶ ክረምቱን ሙሉ የሰልፉ ጭራ ላይ ይቆማል። ይህን ሕግ የጻፈው የለም። የተጻፈው ሕግ ዳር ላይ በተተከለው ሰሌዳ ላይ ያለው ነው፤ በዶልፊኖቹ ክልል ውኃ ውስጥ የሚያድር መረብ መዘርጋት ክልክል ነው ይላል።

ማክሰኞ ጠዋት ጃንዲራ ዓሣ ሳትነዳ መጣች። በአፍንጫዋ የምትገፋው የሞተ ግልገሏን ነበር። ጎትተን አሸዋው ላይ ስናወጣው ጭራው ላይ ቁራጭ መረብ ተጠምጥሞ አገኘን። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ገና ጡት ያልጣለ ግልገል!

ዜፈሪኖ ያልተሳደበው ሰው አልነበረም። ሊያዩ የመጡትን የክልሉን ጠባቂዎች፣ “ሰሌዳ ተክላችሁ ተኙ!” አላቸው። ወደ እኛ ዞሮ፣ “ማነው? ወንድ ከሆነ ይውጣ!” ብሎ ጮኸ። ከመካከላችን አበልጁ ኦስማር እግር እግሩን ያያል።

“አንተ ደግሞ ምን አቀረቀርክ?”

“አዝኜ ነዋ፣ አበልጄ።”

ዜፈሪኖ መረቡን ከግልገሉ ጭራ ሊቆርጥ ቢላዋ አወጣ፤ ግን ቋጠሮውን ሲያይ ተወው። በመንደራችን መረብ የሚጠግን ብዙ ነው፤ የግራ ሌባ ጣቱ ስለሌለች ቋጠሮውን ሁለቴ ጠምዝዞ የሚያጠብቀው ግን እሱ ብቻ ነው። ያንን ቋጠሮ ቁራጩ መረብ ላይ ሁላችንም አየነው።

“ይኼ የእኔ እጅ ነው” አለ።

ኦስማር ማልቀስ ጀመረ። “አበልጄ፣ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አንተ የጠገንከው ብቻ ነው። ለውጭ ባሕር ነው ብዬህ የለ?”

“ዝም በል! እንዲህ ያለ መረብ ውጭ ባሕር ላይ ምን ይሠራል? እኔ ይኼ ይጠፋኛል? አበልጅ አይጠየቅም ብዬ ዝም አልኩ!”

ኦስማርን ጠባቂዎቹ ወሰዱት። ዜፈሪኖን የነካው የለም፤ ሰሌዳው መረብ ስለ ጠገነ ሰው የሚለው ነገር የለውም። እኔ ግን ተናደድኩበት፤ ያንን ሁሉ ዓመት ጎብኚ ሲቆጣ የኖረ ሰው፣ መረቡን በጠገነ ቀን ለአበልጁ አንዲት ቃል መናገር እንዴት ያቅተዋል! ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት።

በሚቀጥለው እሁድ ሮዛኔ ጎብኚዎቿን ይዛ መጣች። የዜፈሪኖ ቦታ፣ የሰልፉ ራስ፣ ባዶ ነበር። እሱ መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ በስተኋላችን አለፈና መጨረሻ ላይ፣ ዓሣ በማይደርስበት ጥግ ቆመ።

“ጋሼ! ቦታዎ እኮ እዚህ ነው!” ብዬ ተጣራሁ።

“ያ መረብ የእኔም ነው፤ ሳልጠራ ወርውሬያለሁ” አለ።

ብዙም ሳይቆይ ጃንዲራ ዓሣውን እየነዳች መጣች። እንደ ልማዷ በቀጥታ ወደ ሰልፉ ራስ ሄደችና ባዶው ቦታ ፊት ጭንቅላቷን ውኃው ላይ መታች። ማንም አልወረወረም። ዜፈሪኖ መረቡን በሁለት እጁ ጨብጦ ከሰልፉ ጭራ ያያል።

እሷ የቅጣታችንን ነገር አታውቅም፤ ደግማ መታች።