እትዬ ካዝናና በነጻ የመጣው ሲስተም

እህቴን ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ካዝና ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ክፍላችን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ጽፋለች። የፍቺውን፣ የውርሱን፣ የልጅ ይገባኛል ክሱን ሁሉ ትጽፋለች፤ አንድ ቀን ግን «እገሊት እኮ እንዲህ አስጽፋ ሄደች» ብላ አታውቅም። ለእኔ እንኳ። እዚያው ክፍል በሩ ሥር ፎቶ ኮፒ የማነሳው የእናቷ ልጅ፣ መንገደኛ ከሚያውቀው በላይ አላውቅም ነበር።

ተጠራጣሪ ናት ስላችሁ እንደማንኛውም ሰው እንዳይመስላችሁ። በር ቆልፋ አሥር እርምጃ ትሄድና ተመልሳ ትገፋዋለች። ሐኪም ኪኒን ሲያዝላት «እርስዎ ቢታመሙ ይቺኑ ይውጣሉ?» ትላለች። አንድ ጊዜ ጎረቤት የልደት ኬክ ቆርሶ ቢሰጣት ምን ሊያስጽፈኝ ነው ብላ ሳምንት ሙሉ ስትጠብቀው ሰነበተች። ሰውዬው ምንም አላስጻፈም። ይኸው እስከ ዛሬ ኬኩን ትጠረጥራለች።

እሱንስ እስቅበት ነበር። ያንገበገበኝ እኔን መጠርጠሯ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ከገበያው ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ወንድሞቿ የያዙትን የአባቷን ቤት ለመካፈል በድብቅ ክስ አስጻፈች። ክሱ ፍርድ ቤት ሳይገባ ወንድሞቿ ሰሙና በማግስቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን ከነጨርቁ አውጥተው መንገድ ላይ ጣሉባት። መጥታ በራችን ላይ ቆመች። አልጮኸችም። «ከዚህ ክፍል ነው የወጣው» ብላ ሄደች። ያኔ እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ኮፒውን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምስጢር ያለው ሰው በመጣ ቁጥር «አንቺ፣ እስቲ ወረቀት ገዝተሽ ነይ» ትለኛለች። ወረቀት ግን ሞልቶ ተርፏል። ከጠረጴዛው ሥር አለ፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ አለ፣ እኔ የምቀመጥበት ዱካ ራሱ በወረቀት ካርቶን የቆመ ነው። እንደ ወፍጮ የሚያጓራውን ማሽኔን አጠፋለሁ፣ ሻርፔን አነሳለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ እወጣለሁ። ስመለስ ደንበኛው የለም፤ እህቴም ዓይኔን አታየኝም። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆኜ ኖርኩ።

ዘንድሮ ኮምፒውተሯ ታመመ። ጠዋት ከፍታው እስኪነሳ ክፍሉን ጠርጋ ትጨርሳለች። ደንበኞች በፍላሽ ይዘው የሚመጡት ቫይረስ ደብዳቤዎቿን እየዋጠ ባዶ ስም ብቻ ያስቀርላታል። በየቀኑ ደግሞ «የዚህ ሲስተም ድጋፍ አብቅቷል» የሚል ጽሑፍ ይወጣባታል፤ እሷም እንደ መርዶ ቆማ ታነበዋለች። አዲስ ኮምፒውተር የሚታሰብ አይደለም። መነጽሩ የምንለውን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራሁት።

መነጽሩ ከፍቶ አየና «እትዬ፣ ዕቃው ደህና ነው፤ ያረጀው ሲስተሙ ነው። ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ልጫንልዎት» አላት።

«ስንት ነው?»

«ነጻ ነው።»

እህቴ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። «ማነው ባለቤቱ?»

«ባለቤት የለውም። የብዙ አገር ሰው ተጋግዞ የሠራው ነው። አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ገብቶ ያየዋል፣ ያስተካክለዋል።»

«ለሁሉም ክፍት ከሆነማ የደንበኞቼንም ጉድ ለሁሉም ሊከፍተው ነዋ።»

«አይደለም እትዬ። ቁልፍ እንዴት እንደሚሠራ ቁልፍ ሠሪው ሁሉ ያውቃል፤ የእርስዎን በር የሚከፍተው ግን በእርስዎ እጅ ያለው ብቻ ነው። እንዲያውም የተደበቀ ነገር ቢኖርበት ይሄ ሁሉ ሰው እያየው እንዴት ይደበቃል? ፊት የነበረውን ግን ውስጡን ማን አይቶት ያውቃል? እርስዎ አይተውታል?»

እዚህ ላይ ያዛት። እህቴ ያላየችውን ነገር ሃያ ዓመት ማመኗ ትዝ ሲላት ፊቷ ተቀየረ። ያም ሆኖ ሦስት ቀን አሰበችበት። በአራተኛው ቀን ደብዳቤዎቿን ሁሉ በሁለት ፍላሽ አስገልብጣ አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ፣ ሌላውን ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችና «እሺ፣ ጫነው» አለች። ሲጭን ከጀርባው ቆማ ጣቱን ስትቆጥር ነበር።

እኔ እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ሆነ። ያ ሽማግሌ ኮምፒውተር ገና ሻርፔን ሳላወልቅ ይነሳ ጀመር። መርዶው ቀረ። ፍላሽ ሲሰኩበት የነበረው ቫይረስም ደብዳቤ መብላቱን ተወ። የአማርኛው ጽሕፈት እንደ ድሮው ነው፤ የሰነድ መጻፊያውም አብሮት በነጻ መጣ። እንደ ሞተር ይጮህ የነበረው ማራገቢያ ሳይቀር ጸጥ አለ። እህቴ ግን ጸጥታውንም ጠረጠረችው። «ይሄ ነገር ዝም ያለው እያዳመጠ ነው» አለችኝ። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ደንበኛ በሌለበት «ወረቀት ገዝተሽ ነይ» አለችኝ። ግራ ገባኝ፤ ቢሆንም ማሽኔን አጥፍቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ አገኘኝ። የእሱ ክፍልና የእኛ በአንድ ስስ ጣውላ ነው የሚለያየው። «ክፍሉን ልትዘጉ ነው? እህትሽ ልጇ ጋ ልትሄድ ነው ሲባል ሰማሁ» አለኝ።

ሰማይ ምድሩ ዞረብኝ። እኔ ከዚያች ክፍል ሌላ የት አለኝ? እንጀራዬ ያ የሚያጓራ ማሽን ነው። ዘጠኝ ዓመት ስትጠረጥረኝ ችዬ፣ አሁን ደግሞ ሳትነግረኝ ልትበትነኝ ነው አልኩ። ደሜ ፈልቶ ገባሁ።

«እታለም፣ ልትሄጂ ከሆነ ለእኔ ከመንገርሽ በፊት ለፀጉር አስተካካይ ነው የሚነገረው?»

እህቴ ብትደነግጥ አንድ ነገር ነው። ጭራሽ ፊቷ በራ። «ያዝኩት» አለች።

ነገሩ ወጥመድ ኖሯል። ማክሰኞ ዕለት እኔን አስወጥታ በገዛ ስሟ «ክፍሌን ዘግቼ ወደ ልጄ ልሄድ ነው» የሚል የውሸት ማመልከቻ ጽፋለች። ለማንም አልተናገረችም፣ አላተመችውም። ወሬው ከወጣ ያወጣው ኮምፒውተሩ ነው ማለት ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ያስወጣችኝ ስላመነችኝ አይደለም፣ ወሬው ቢወጣ ኮምፒውተሩ በእኔ እንዳያሳብብ ነው። ቢሆንም ልቤ ትንሽ አረፈ። የምትሄድ መስሎኝ ነበራ።

መነጽሩ ተጠርቶ መጣ። እህቴ ክሷን እንደ ጠበቃ አቀረበች። እሱ ሳይከራከር መሳቢያውን አስከፍቶ ገመዱን አየ። «ይሄ እንደተቆለፈ ነው የከረመው?»

«ቁልፉ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም።»

«ታዲያ እትዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር በምን በኩል ተናገረ? እጅ የለው፣ እግር የለው። እስቲ ያን ቀን እንደጻፉት አድርገው አሁን ይጻፉት። አንቺም እህቴ፣ ማሽንሽን እንደዚያን ቀን አጥፊው።»

አጠፋሁት። እህቴ እየተነጫነጨች ተቀመጠችና መምታት ጀመረች። ከንፈሯም አብሮ ጀመረ። በወጣትነቷ የጽሕፈት መኪና ያስተማረቻት ሴትዮ መስመር እንዳይዘለል ቃሉን ድምፅ አውጥታችሁ እያነበባችሁ ምቱ ትላቸው ስለነበር ሳታነብ መጻፍ አትችልም። እኔ ከልጅነቴ ስለለመድኩት ሰምቼው አላውቅም ማለት ይቻላል። «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው አመልካች ክፍሌን ዘግቼ ወደ ልጄ ለመሄድ ስለወሰንኩ...»

ከጣውላው ማዶ የመቀስ ድምፅ ቆመ። «ይቺንማ ማክሰኞ ጽፈሻታል» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ አጠገባችን የተቀመጠ ያህል ጥርት ባለ ድምፅ።

የእህቴ ጣት ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደያዘ በራችን ላይ ብቅ አለና ፊታችንን ሲያይ አፈረ። «እኛ እኮ የምታውቂ መስሎን ነው። ያን በግድግዳው በኩል ያለውን አግዳሚ ወንበር ደንበኞቼ ለምን የሚሻሙበት ይመስልሻል?»

እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «የልብስ ሰፊዋስ?»

«እሷማ... ታላቅ ወንድሟ ያን ቀን እኔ ጋ ነበር። ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ነው ተነስቶ የሄደው።»

ይሄን ቀን ዘጠኝ ዓመት ተመኝቼዋለሁ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ የምናገረውን ሁሉ ሌሊት ሌሊት አጥንቼዋለሁ። አሁን ግን እህቴ አፏን በመዳፏ ይዛ ሳያት ሆዴ ባባ። ባባ እንጂ ዝም አላልኩም። «ወረቀት ግዢ ስትዪኝ ማሽኔን አጥፍቼ እኮ ነው የምወጣው» አልኳት። «ምስጢር ያልሆነውን ማሽኔ ያጓራበታል፣ ማንም አይሰማም። ምስጢር ሲመጣ ግን እኔን አስወጥተሽ ክፍሉን ጸጥ አድርገሽ ታነቢላቸዋለሽ። ያቺ ሴትዮ ያስጻፈች ቀንም የምቀዳው ስላልነበረኝ ማሽኔ ጠፍቶ ነበር፤ ቢያጓራ ኖሮ የስፌት መኪናዋ መንገድ ላይ አይጣልም ነበር።»

መነጽሩ ዕቃውን እየሰበሰበ ቀስ ብሎ «የድሮውን ሲስተም ልመልስልዎት እትዬ?» አላት።

«ይቆይ» አለች፣ እጇን ከአፏ ሳታነሳ። «እዚህ ቤት አፉን የጠበቀ ይሄ አዲሱ ነው።»

በማግስቱ ሳትነግረኝ ክፍሉን ቆልፋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሳ ሳትገፋው፣ «ነይ» አለችኝ። ገበያውን አቋርጠን ልብስ ሰፊዋ ጋ ገባን። ሴትዮዋ ቀና ብላ አይታን ስፌቷን ቀጠለች። እህቴ በር ላይ እንደቆመች «ያወጣሁብሽ እኔ ነኝ። በገዛ አፌ ነው። ትናንት ነው ያወቅሁት» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን እስከ ጫፉ አደረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ተነሳች። እህቴን አልፋ መጥታ እኔን ጉንጬን ሳመችኝ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንቺን ነበር የምረግመው» አለችኝ። ለእህቴ ግን አንድ ቃል አልተናገረቻትም። እህቴም አልለመነቻትም። መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ተመለሰች፤ እኔም ከጎኗ ነበርኩ።

ከምሳ በኋላ ፊቷን በሻርፕ የሸፈነች ወጣት ሴት ገባችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የፍቺ ነው፣ እሱ ሳይሰማ» አለች። እጄ ራሱ ለምዶበት ወደ ማሽኔ ማጥፊያ ሄደ። ሻርፔንም አነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ እህቴ።

«ወረቀት ልገዛ።»

«ወረቀት ሞልቷል» አለች። ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ ከንፈሯ እንዳያነብ እስክሪብቶ አንስታ በጥርሷ ነከሰችና ልታናግረኝ መልሳ አወጣችው። «ቁጭ በይ። የምትቀጂው ባይኖርሽም ያንን ማሽንሽን አብሪልኝ።»