ከመቶ አሥራ ሁለት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢመዘን ስንት ይወጣዋል? ተሾመች ጥያቄውን አትወደውም ነበር፤ ሚዛኑን ይዛ የኖረችው ራሷ ናትና።

ለቡ መብራት ኃይል፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ጓሮ፣ በጠባብ ክፍል የልጆችን የማሰብ ችሎታ ትፈትናለች። ቀይና ነጭ ኩብ ታስደረድራለች፤ ከሥዕል ላይ የጎደለውን ታስፈልጋለች። ልጅ ሲያናግራት ግራ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ቀኙን አባቷ ድሮ ጎፋ ሳሉ፣ ከክፍሏ መጨረሻ የወጣች ዕለት፣ በአንድ ጥፊ ደፍኖታል። እናቷ ደሙን ከአንገትጌዋ እያጠበች «ለራስሽ ብሎ ነው» አለቻት።

ኤልያቄም ሰባት ዓመቱ ነበር። ፊደል ይገለበጥበታል እንጂ ሰነፍ አይደለም። ተሾመች ቅጹ እንደሚያዘው «12» ብላ ሞላች፤ ከመቶ እኩዮቹ አሥራ ሁለቱን ይበልጣል ማለት ነው። ወረቀቱን ልጁ ራሱ በቦርሳው ይዞት ሄደ።

አባቱ ምትኩ ከሪፖርት ካርድ ሌላ ወረቀት አያውቅም። ከመቶ አሥራ ሁለት አመጣ ብሎ አነበበው። ልጁን ከአልጋው እግር ጋር አስሮ፣ ጀርባው እስኪተለተል በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፈው። ልጁ ሊከላከል እጁን ቢያነሳ፣ ክንዱን ረግጦ ሰበረው። ጎረቤት በሩን ገንጥሎ ነው ያስጣለው።

በማግስቱ ምትኩ ተሾመች ክፍል ገባ።

«ዓመቱን ሙሉ ምን ስታስተምሪው ነበር?»

«አልወደቀም እኮ፣ አቶ ምትኩ። ይሄ ማርክ አይደለም።»

«ቁጥር አለበት። ምን ልትይኝ ነው?»

የኩቡን ሳጥን አንስቶ ፊቷ ላይ ከሰከሰው። ቅንድቧ ተተረተረ፤ ደሙ ዓይኗን ጋረዳት። እሷን ያመማት ግን ሌላ ነው፤ «12» የተጻፈው በእሷ እጅ ነበር። ዱላ የሚያቀብል ሁሉ ጨካኝ አይደለም፤ ጽሕፈቱ ያማረም ያቀብላል።

ቅንድቧ እንደተሰፋ ርዕሰ መምህሩን ሙሉሰውን ለመነችው።

«ቁጥሩ ለወላጅ አይሂድ። ልጁን የሚያስቸግረውን እኔ በአፌ ላስረዳ።»

«ቲቸር፣ ወላጅ ቁጥር ካላየ ልጄ ተፈተነ አይልም። ለአንድ እብድ ብለን ቅጽ እንቀይር?»

በተከታዩ ዓመት ምስጢር የምትባል ልጅ ቤቷ ተመትታ ሁለት የፊት ጥርሷ ረግፎ መጣች። የእሷ ቁጥር ዘጠኝ ነበር። ተሾመች በየመስከረሙ ማመልከቻ አስገባች፤ በየመስከረሙ ያው ቅጽ መጣ።

ጡረታ ስትወጣ መምህራኑ ተሰብስበው «ምን እንስጥሽ?» አሏት።

«ያቺን ቁጥር ከወረቀቱ ላይ አንሱልኝ» አለች።

ጋቢ አለበሷት።