የደሪቱ ስምንት ቀን በሲዶና

ሆርዶፋ የመጀመሪያውን ጥፊ ያሳረፈባት የቪዛ ወረቀቷን አንብቦ ሳይጨርስ ነው። ደሪቱ ከኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ጋር ተላተመች።

«ቱሪስት?» አላት ታላቅ ወንድሟ። «አንቺ ነሽ ቱሪስት? የትኛው ደላላ ነው ይሄን ያስጠናሽ?»

«ደላላ የለም፣ ጋሼ። ልጎበኝ ነው። ስምንት ቀን ብቻ።»

አላመናትም። በየካ አባዶ የቱሪስት ቪዛ ማለት ደላሎች ሴት ልጅን ለቤት ሠራተኝነት የሚያሻግሩበት መንገድ ነው፤ ሄዶ፣ ፎቶ ተነሥቶ የተመለሰ ጎረቤት የለም። ደሪቱም ከዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ሊባኖስ ገብታ፣ ሲዶና ውስጥ ሦስት ዓመት በአንድ ቤት ተቆልፎባት ሠርታለች። ማዳሟ ትከሻዋን በካውያ ተኩሳታለች፤ ፀጉሯን ይዛ ከገንዳ ጠርዝ ጋር አጋጭታታለች። ወንጌል ሲነበብ ስሙን እየሰማች ያደገችውን ያን ጥንታዊ ከተማ ያየችው ልብስ ስታሰጣ ከበረንዳ ነው፦ ባሕር ውስጥ የቆመ አሮጌ ግንብ፣ በድልድይ ወደ እሱ የሚሄዱ ሰዎች። ያን ጊዜ ደላላው ጋ ይዟት የሄደው ሆርዶፋ ራሱ ነበር።

አሁን ጉርድ ሾላ ፀጉር ትሠራለች። ደንበኞቿ «ሲዶና እንዴት ነው?» ሲሏት የማታውቀውን እየፈጠረች ስታወራ ኖራለች። ሰለቻት።

«አልቀርም» አለችው።

በርጩማውን አንሥቶ ቀኝ ክንዷ ላይ አወረደው። አጥንቱ ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት። እሱ ግን አላቆመም፤ እያለቀሰ መታት፣ ከወደቀችም በኋላ ረገጣት። ጎረቤቷ እትዬ ምንትዋብ ዘነዘና ይዛ ገብታ ጀርባውን ባታቀምሰው ኖሮ ይገድላት ነበር። ፓስፖርቷን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ወጣ።

በሳምንቱ የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ በዳሳ ይዘውት መጡ። ሆርዶፋ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ደጃፏ ላይ ተንበረከከ። በወጉ የተበደለችው ይቅር ብላ እስክታወርድለት ድረስ አይነሣም።

«አውርጂለት፣ ልጄ» አሉ ኦቦ በዳሳ።

«መጀመሪያ ፓስፖርቴን።»

«እዚያ ይገድሉሻል» አለ ሆርዶፋ ከድንጋዩ ሥር።

«አንተ ልትቀድማቸው ነበራ።»

እትዬ ምንትዋብን ሳቅ አመለጣት። ሽማግሌው «እንዲህ ያለ እርቅ አይተንም አናውቅ» ብለው አጉረመረሙ። ደሪቱ በርጩማ ስባ ፊቱ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት አለፈ። የሆርዶፋ አንገት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላቡ ሲሚንቶው ላይ ተንጠባጠበ። በመጨረሻ አንድ እጁን ከድንጋዩ ለቅቆ ደረቱ ውስጥ ሰደደና ፓስፖርቱን አወጣ። ድንጋዩ ተንሸራቶ ጆሮውን ገሸለጠው። ደሪቱ ፓስፖርቱን በጥርሷ ይዛ፣ ድንጋዩን በግራ እጇ አወረደችለት።

ክንዷ በጀሶ እንደታሰረ ሲዶና ገባች። ግንቡ በር ላይ ጠባቂው ወደ ኋላዋ እያየ «ማዳምሽስ?» አላት።

«ማዳም የለኝም» አለችው በጥፊ በተማረችው ዐረብኛ።

ትከሻዋን ይዞ ገፈተራት። በጀሶው ደረቱን መታችው፤ የራሷ አጥንት እስከ ጥርሷ ጠዘጠዛት። ሌላው ጠባቂ እየሳቀ መሐላቸው ገባና ቲኬቷን ቆርጦ አሳለፋት።

ግንቡ አናት ላይ ሳለች ሆርዶፋ ደወለ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ምንም። ባሕር አያለሁ።»

«ደግሞ ምን ያዩበታል?» አላት።

አንድም ሳትፈጥር፣ ያየችውን ነገረችው።